በግቢ ውስጥ የምትሠራ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤት ስለምትሰጠው ጥቅም

በሐምሌ ወር መሬቱ ዝናም ጠጥቶ ለጤፍ በሚታረስበት ሰሞን፥ አንድ ገበሬ በማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ገና ጥቂት ትልም እንዳወጣ ድግሩ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ይሰበርበታል። ድግር ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆኖ አፈሩን የሚገፋ እንጨት ነው፤ ዋጋውም ከበሬው፥ ከዘሩና ከመሬቱ ዋጋ ጋር ቢመዛዘን ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን እርሱ ከሌለ በሬው ቆሞ ይውላል። የጎረቤት ሁሉ ድግር በዚያ ሰሞን በሥራ ላይ ነውና የሚያውሰው ሰው አይገኝም። ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚቆምበት አገር ከሆነና እንጨቱም የተሰበረው በገበያው ማግሥት እንደ ሆነ፥ እስከሚቀጥለው ገበያ ገና ስድስት ቀን ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ምሳሩን ይዞ ወደ ገደል ይወርዳል፤ ከዚያ ያገኘውን እርጥብ እንጨት ቈርጦ እስኪመሽ ድረስ ሲጠርብ ይውላል፤ በማግሥቱም ከወገሉና ከማረሻው ጋር ሲያገጣጥም ቀኑ ይጋመሳል።

ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት በብዙ አገር «ጥማድ» እየተባለ ይቈጠራል፤ ይኸውም እንደ መሬቱና እንደ በሬው ጕልበት ቢለያይም ወደ ሩብ ሄክታር የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ሁለት ቀን የቆመ በሬ ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት ሳያርስ ቀረ ማለት ነው። ጤፍ ደግሞ ተደጋግሞ መታረስን የሚወድ፥ የሚዘራበትም ጊዜ ጠባብ የሆነ እህል ስለ ሆነ፥ በሐምሌ የጠፋው ሁለት ቀን በጥቅምት ሊመለስ አይችልም። በአንድ እንጨት ምክንያት የቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብ ይጐድላል።

ይህ ጕዳት የሚደርሰው እጅ ጥበብ በማጣቱ አይደለም። ድግር መጥረብ፥ እጀታ መስካት፥ በርጩማ ማቆም የማይችል የገጠር ሰው ጥቂት ነው። እንጨትም ፈጽሞ ከአገር አልጠፋም። የጐደለው አስቀድሞ ተቈርጦ፥ ተፈልጦ፥ ደርቆ የተቀመጠ እንጨትና፥ ጥቂት መሣሪያ በአንድነት የሚገኝባት አንዲት ስፍራ ናት። ይህች ስፍራ በዚህ ጽሑፍ የእጅ ሥራ ቤት ትባላለች፤ ስሟ ግን ሹሙንም ሆነ ባለ መሬቱን በወጪ ሊያስፈራው አይገባም፤ ፋብሪካ አይደለችምና።

ከመኖሪያው ቤት ወይም ከበረቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራ፥ ርዝመቱ አምስት እርምጃ፥ ስፋቱ ሦስት እርምጃ የሆነ ጣራ ያለው ዳስ ይበቃል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ክፍት ቢሆን የማለዳው ብርሃን በሥራው ላይ ያርፋል፤ በጨለማ የሚሠራ ሰው ከእንጨቱ ይልቅ ጣቱን ይቈርጣል። የጣራው ክፈፍ ሰፊ ይሁን፤ ወለሉም በድንጋይ ከፍ ብሎ ይደልደል፤ እርጥበትና ምስጥ ከታች እንዳይመጡ። ለመሥሪያ የሚሆነው ገበታ በአራት ቋሚ ላይ የተመታ ወፍራም ሳንቃ ነው። ቁመቱ ሠራተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቅ የእጁ አንጓ የሚደርስበት ልክ ቢሆን ወገብን አያደክምም። የሚሠራውን እንጨት አጥብቆ የሚይዝ የብረት ሞርሳ ለመግዛት ያልተቻለ እንደ ሆነ፥ በገበታው ጫፍ ላይ አፍ አውጥቶ እንጨቱን በዚያ ውስጥ በሽብልቅ ማጥበቅ ይቻላል።

ምሳርና ፋስ በየቤቱ አሉ። ከነዚህ ሌላ አንድ መጋዝ፥ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት መሮ፥ መዶሻ፥ የእጅ መሰርሰሪያ፥ ሞረድና መሳያ ድንጋይ ከተገኙ፥ በቤት ውስጥ የሚፈለገውን ትንሽ ዕቃ አብዛኛውን ለመሥራት ይበቃሉ። አናጢዎች ፒያላ የሚሉት መላጊያ ሲመጣ ደግሞ ሥራው ያምራል፤ እርሱ ግን ለሁለተኛው ዓመት ሊቈይ ይችላል። ከሁሉ በፊት መግዛት የሚገባው መሳያ ድንጋዩን ነው። የዶለዶመ መሮ ጕልበት ይጠይቃል፤ በጕልበት የተገፋ መሮም ያዳልጣል፤ ስለዚህ ከስለታም መሣሪያ ይልቅ ደነዙ የበለጠ ሰው ያቈስላል። መሣሪያዎቹ በግድግዳው ላይ ተሰቅለው የእያንዳንዱ ቅርጽ በከሰል ቢነደፍ፥ ማታ ማታ የጐደለው በአንድ ዐይን ይታያል። መጋዝ ተውሶ መመለስን የሚረሳ ጎረቤት የሌለው ሰው የለምና፥ የተዋሹ ስም ከባዶው ቅርጽ አጠገብ ቢጻፍ ነውር የለበትም።

ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጠው ግን የደረቀው እንጨት ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው። ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ ከክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውኃ ነው። ይህ ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይኰማተራል፤ የሚኰማተረው ግን በሁሉ በኩል እኩል አይደለም። በርዝመቱ የሚቀንሰው ከምንም አይቈጠርም። በወርዱ በኩል ግን ይቀንሳል፤ ይኸውም የዛፉን ክብ ተከትሎ የሚቀንሰው ከቅርፊቱ ወደ እምብርቱ ከሚቀንሰው እጥፍ ያህል ነው። ድፍን ግንድ ሲደርቅ ከዳር እስከ እምብርቱ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለእጀታና ለድግር የታሰበ ግንድ እርጥብ ሳለ አራት ላይ ተፈልጦ መቀመጥ ይገባዋል፤ የተፈለጠው እንደ ልቡ ይኰማተራል እንጂ አይሰነጠቅም። ደግሞም በሽብልቅ የተፈለጠ እንጨት ጅማቱን ተከትሎ ስለሚለያይ፥ በመጋዝ ጅማቱ ከተቈረጠው ይልቅ መታጠፍን ይችላል።

የተፈለጠው እንጨት በጥላ ሥር፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ነፋስ እንዲገባበት ይደረደራል። ፀሓይ ላይ ማስጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ውጪው ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ይቀደዳል። ውኃ ፈጥኖ የሚወጣው በሁለቱ ጫፍ በኩል ስለ ሆነ፥ ጫፎቹን በቀለጠ ሰም፥ እርሱም ከጠፋ በእበትና በጭቃ መምረግ ስንጥቁን ይከላከላል። በብዙ አገር ያሉ የእንጨት ሠራተኞች ለሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቈጥራሉ። በአገራችን ደጋ የበጋው ነፋስ ደረቅ ስለ ሆነ ከዚህ ቀድሞ የሚደርስ አለ። በግምት ማመን የማይወድ ሰው ከክምሩ አንዱን እንጨት በየወሩ በሚዛን ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ውኃው ወጥቶአል ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የቈየ ልማድ መነሣት አለበት። የምሳር ራስ በላላ ጊዜ ብዙ ሰው ከነእጀታው ውኃ ውስጥ ያሳድረዋል። በማግሥቱ ጥብቅ ብሎ ይገኛል፤ ሰውየውም መድኀኒቱን ያገኘ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱ አያሰፋለትምና፥ ያበጠው እንጨት ራሱን በራሱ ጨፍልቆ ይቀራል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በደረቀ ጊዜ የተጨፈለቀው ስለማይመለስ ከፊተኛው ይልቅ ላልቶ ይገኛል። እንደ ገና ቢነከር እንደ ገና ይብሳል። በእንዲህ ያለ ምሳር የሚፈልጥ ሰው ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ ፍላጭ የሚለቅም ልጅ ይቆማል፤ ከእጀታው የወለቀ ብረት በዚህ ልጅ ላይ የሚያደርሰውን ማንም ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አስቀድሞ በጥላ የደረቀ እጀታ ሰክቶ፥ ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቆ፥ ከእርሱም የደረቀና የጠነከረ ሽብልቅ በመዶሻ መምታት ነው። ይህ ሁሉ በተሰናዳ ስፍራ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ዛፉንም እንደየሥራው መለየት ያስፈልጋል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለ ሆነ ለድግር፥ ለእጀታ፥ ለዘነዘና የሚተካከለው የለም። ዋንዛ ቀላል፥ ለመሮ የሚታዘዝ፥ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው ስለ ሆነ ለገበታ፥ ለበርጩማ፥ ለሣጥንና ለሙቀጫ ይመረጣል። ጽድ መዓዛ ያለው፥ ከመሬት ጋር ቢገናኝም ፈጥኖ የማይበሰብስ እንጨት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. ግድም ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በብዙ ቦታ በቅርብ የሚገኝ እርሱ ሆኖአል፤ ነገር ግን ሲደርቅ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ ዐመለኛ እንጨት ስለ ሆነ፥ ከቀጥተኛው መርጦ፥ ፈልጦ፥ ጫፉን መርጎ፥ ቀስ ብሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቀርከሃ ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢቈረጥ ይኰማተራል፤ በውስጡ ያለውም ጣፋጭ ነገር ነቀዝ ይጠራል። ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ተቈርጦ ጥቂት ሳምንት በወራጅ ውኃ ውስጥ ቢነከር ከነቀዙ ይድናል። ወይራውና ዋንዛው በብዙ ቦታ እየተመናመኑ ስለ ሆነ፥ የእጅ ሥራ ቤት የሚያቆም ባለ እርሻ በዚያው ዓመት በማሳው ዳር ጥቂት ዋንዛ ቢተክል አርቆ ያሰበ ነው። የዋንዛ ነጭ አበባ ንብ የሚወደው መሆኑም ትርፍ ነው።

ንብ ከተነሣ ዘንድ፥ ከጠጅ የሚቀረው ሰፈፍ በስንት ቤት በከንቱ እንደሚጣል ሊታሰብ ይገባል። ሰፈፉን በጨርቅ ከረጢት አስሮ በውኃ መቀቀልና በእንጨት መጫን ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲበርድም እንደ ቂጣ ሆኖ ይነሣል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን እድፍ በቢላዋ ፍቆ መጣል ይበቃል። የንብ ሰም በ62 እና በ65 ዲግሪ መካከል የሚቀልጥ ስለ ሆነ ብዙ እሳት አይሻም። ብቻውን በእሳት ላይ የተጣደ ሰም ግን ድንገት ተቀጣጥሎ ጣራ ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ በሌላ ዕቃ አድርጎ ማቅለጥ ይገባል፤ ይህም ሥራ ከእንጨቱ ክምር ርቆ በደጅ ይደረግ። በቀለጠው ሰም ውስጥ የተፈተለ የጥጥ ክር ደጋግሞ በማሳለፍ ጧፍ ይሠራል። የተረፈው ሰም ለእንጨቱ ጫፍ፥ ለመጋዙ ጥርስ፥ ለጫማ ክር ያገለግላል። ቀድሞ ለጥራጊ የተሰጠ ነገር እንዲህ በአራት መንገድ ወደ ቤት ይመለሳል።

ከቆዳ የሚወጣው ምራንና ጠፍር፥ ከቃጫ የሚገመደው መጫኛ፥ ከቅል የሚቈረጠው ጭልፋ፥ ሴቶች የሚሰፉት ሰፌድና መሶብ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥበብ አላቸው። ለሁሉም ግን ብርሃን ያለበት መቀመጫና ዕቃው የማይጠፋበት ግድግዳ ይጠቅማቸዋል፤ ስለዚህ የእጅ ሥራ ቤቷ ለወንዶች ብቻ የተዘጋች እንዳትሆን የቤቱ ጌታ ያስብበት።

አሁን ከእንጨቱ ይልቅ የሚከብደው ነገር ይመጣል፤ እርሱም ኀፍረት ነው። መጋዝ ከጎረቤት መዋስ የማያሳፍረው ጌታ፥ መጋዝ ይዞ መታየት ያሳፍረዋል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸማ የሚሠራው በሥራው ስም ሲሰደብ፥ ቡዳ እየተባለም ሲርቁት መኖሩ የተሰወረ አይደለም። ሠሪውን የናቀ አገር ደግሞ ሥራውን ከባሕር ማዶ ይገዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ሲያሠሩ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበረ የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል፤ በጋፋት ያሠሩትና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ድረስ የተጐተተው በዚያው መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት የሚሰድብን ሰው የሚገሥጽና በቅጣት የሚያስጠነቅቅ ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፥ ስድቡ ከየመንደሩ ፈጽሞ ጠፍቶአል ብሎ በእውነት የሚመሰክር ሹም አይገኝም። የሰንበቴ ማኅበርተኞች አንዱን ሰው ስለ ሥራው ለብቻው ሲያስቀምጡት ያየ ሹም፥ ዐዋጅ ከማስነገር ይልቅ ሄዶ ከአጠገቡ ቢቀመጥ ነገሩን ሁሉ ጨረሰው።

በሌላውም አገር ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ያለ ድካም አልተገኘም። በስዊድንና በፊንላንድ ገበሬዎች በረጅሙ የክረምት ሌሊት በቤታቸው ማንኪያ፥ መንሽ፥ ገንዳና ወንበር ይሠሩ ነበር። የፋብሪካ ዕቃ እየረከሰ በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ ሊጠፋ ቀረበ። በፊንላንድ ኡኖ ሲግኔዎስ የተባሉት የትምህርት ሰው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤት እንደ ንባብና እንደ ሒሳብ ከሚሰጠው ትምህርት አንዱ እንዲሆን አደረጉ። በስዊድንም ኦቶ ሳሎሞን፥ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ኔስ በተባለው ስፍራ መምህራንን ለዚሁ ሥራ ያሠለጥኑ ነበር፤ ከብዙ የውጭ አገርም መምህራን እየሄዱ ተምረዋል። የሳሎሞን ደንብ ለእኛም የሚስማማ ነው፤ ተማሪው የሚሠራው ለማሳያ ሳይሆን በቤት በእውነት የሚያገለግል ዕቃ እንዲሆን፥ ከትንሹና ከቀላሉም ተነሥቶ ወደ ከባዱ እንዲሄድ ያዝዛል። በአዲስ አበባ በ1930ዎቹ ዓመታት የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ብዙ ባለሙያ አውጥቶአል፤ ነገር ግን ድግር የሚሰበረው በአዲስ አበባ አይደለም።

የእጅ ሥራ ቤት ማለት የመንደሩን ባለ ሙያ እንጀራ መቀማት አይደለም። ብረት ማቅለጥና ማረሻ መሳል የቀጥቃጩ ነው፤ ጀበናና ምጣድ የሸክላ ሠሪዋ ነው። በቤት የሚሠራው እንጨቱ፥ እጀታው፥ ጥገናው ነው። እንዲያውም ዕቃውን በደንብ የሚይዝ ቤት ከቀጥቃጩ የተሻለ መሮ ስለሚፈልግ ደንበኝነቱ ይጨምራል። ሹሙ ባለ ሙያውን ወደ ግቢው ጠርቶ አንድ ቀን ቢያሠራው የቀኑን ዋጋ በዕለቱ ይስጠው፤ ልጆቹንም ሲያስተምርለት የመምህርነቱን ይጨምርለት። ያለ ዋጋ የተጠራ ሠራተኛ ሁለተኛ ሲጠራ መታመሙን ያስነግራል፤ ሐሰት ነው ተብሎም ሊፈረድበት አይገባም።

ለሹማምንት ከግቢያቸው ይልቅ የሚቀርባቸው ምሳሌ ጽሕፈት ቤታቸው ነው። በብዙ ጽሕፈት ቤት እግሩ የወለቀ ወንበር በጥግ ተጥሎ፥ አዲስ እንዲገዛ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፤ መልሱ እስኪመጣ ሁለተኛው ወንበር ይወልቃል፤ ባለ ጉዳዩም ቆሞ ይውላል። የወንበር እግር ብዙ ጊዜ የሚወልቀው እርጥብ ሳለ ስለ ተሰካ ነው እንጂ ስለ አረጀ አይደለም። አንድ ሽብልቅ፥ ትንሽ ኮላና የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያስነሣዋል። ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ዳስ ጥሎ ይህን ያሳየ የወረዳ ሹም፥ ለገበሬው ብዙ ቃል መናገር ሳያስፈልገው ይቀራል።

ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ አውድማ ከተነሣ በኋላ ያለው ነው። በጥርና በየካቲት እጅ ይፈታል፤ እንጨቱም በበጋ ሲቈረጥ በደረቁ ነፋስ ቀስ እያለ ይደርቃል። የሚቈረጠው በዚህ ወር ነው፤ ዳሱም በዚህ ወር ይቆማል። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ቀጫጭኑ እጀታ ካልሆነ በቀር ብዙው ገና አይደርስም፤ በዚህ ጊዜ ተስፋ ቈርጠው ክምሩን ለማገዶ የሚያነሡ አሉና የቤቱ ጌታ ይጠንቀቅ። ለዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚሆነው አሮጌውን ዕቃ መጠገንና መሣሪያ መሳል ነው፤ ልጆችም ከትንሽ ነገር፥ ከካስማና ከእንዝርት ጀምረው በዚያን ጊዜ ይለማመዳሉ። በጥር የተፈለጠው ወይራ ዓመት ከመንፈቅ ቈይቶ በሁለተኛው ሐምሌ ለእጀታ የተዘጋጀ ይሆናል፤ ለድግር የታሰበው ወፍራሙ ደግሞ ሦስተኛውን ይጠብቃል። ለዚህም ሲባል እያንዳንዱ እንጨት ሲደረደር፥ የተቈረጠበት ወርና ዓመተ ምሕረት በጫፉ ላይ በከሰል ይጻፍ፤ ከላዩም ሰሙ ይቀባ፤ ጽሕፈቱ በሰሙ ውስጥ ይነበባል።